ሁሉም ያያት፣ ማንም ያልጠየቃት ሴት

ባለፈው ሰሞን ከሳሪስ ወደ ስታዲየም በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ገመድ አልባ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ረዳቱ «ሒሳብ!» ይላል፤ አትሰማም። ደገመ፤ አልሰማችም። ከኋላ ወንበር አንዱ «ተዋት ባክህ፣ ቆንጆ አይደለች፣ መስማት ምን ያደርግላታል!» አለ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። አልዋሻችሁም፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ።

ፈገግታዬ ያፈረኝ ቤት ገብቼ ነው። ለምን መሰላችሁ? ያቺ ልጅ ጆሮዋ ላይ የሰካችው ዕቃ ከሚሠራበት ሐሳብ ጀርባ «ቆንጆ ናት» ተብሎ ወሬዋ እዚያው ላይ የተቋጨ አንዲት ሴት አለች። ሴትየዋ የፊልም ተዋናይ ነበረች። ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ፊልሞቿ አይደለም፤ ካሜራው ከጠፋ በኋላ ስለምትሠራው ነገር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እየቀነሳችሁ አንብቡ።)

ስሟ ሄዲ ላማር ይባላል። ያ ግን የስቱዲዮ ስሟ ነው። እናትና አባቷ ያወጡላት ሄድዊግ ኪስለር ነው፤ በ1914 ቪየና፣ ኦስትሪያ ተወለደች። አባቷ የባንክ ኃላፊ፣ እናቷ ፒያኖ ተጫዋች፣ ቤተሰቡ ከአይሁድ ወገን። አባትየው ልጁን ይዞ ሲንሸራሸር ትራሙ እንዴት እንደሚሄድ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ያለው ማሽን እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳት ነበር አሉ። አምስት ዓመት ሲሆናት ዘፈን የምታሰማ የሙዚቃ ሣጥኗን ፈታትታ መልሳ ገጠመቻት። እኛ ሠፈር ቢሆን «ይቺ ልጅ ዕቃ አበላሸች» ተብላ ቁንጥጫ ነበር የምትቀምሰው።

በ18 ዓመቷ «ኤክስታሲ» የሚል የቼክ ፊልም ላይ ራቁቷን ታየች። ፊልሙ በ1933 ሲወጣ አውሮፓ ተንጫጫች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ ልጅ የምታስበው ነገር ይኖር ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ እኛ ቤት የሚጠጋው።

በዚያው በ1933 ሄዲ ፍሪትዝ ማንድል የሚባል ባለጸጋ አገባች። ማንድል የሂርተንበርግ ጥይት ፋብሪካ ጌታ ነው፤ በመካከለኛው አውሮፓ ካሉት የጦር መሣሪያ ነጋዴዎች አንደኛው። ሀብቱን ፋሺስት ለሆኑ የኦስትሪያ ሚሊሻዎች ይረጭ ነበር። የሙሶሊኒ ወዳጅና የንግድ ሸሪክም ነበር። እንግዲህ ቀኑን አስቡት። ጥቅምት 1935 የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ጄኔቫ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ይጣል ሲል «እኛ የለንበትም» ካሉት ሦስት አገሮች አንዷ ኦስትሪያ ነበረች፤ ሌሎቹ ሀንጋሪና አልባኒያ ናቸው። የእኛ አያቶች ተምቤንና ማይጨው ላይ ሲረግፉ፣ ቪየና ውስጥ የጥይት ነጋዴው ቤት ራት ይበላ ነበር። ጄኔራሎች፣ ሚኒስትሮች፣ መሐንዲሶች፣ ገዢዎች። ወሬው ስለ መሣሪያ ነው፦ የቱ ይመታል፣ የቱ ይስታል፣ የቱ ከሩቅ ይመራል።

የገበታው ጌጥ ደግሞ የሃያ ዓመቷ ሚስት ናት። ማንድል ቀናተኛ ነበር፤ ትወና ከልክሏታል፣ ያንን ፊልም ቅጂ በቅጂ እየገዛ ሊያጠፋው ሞክሯል ይባላል። ቤቱ የወርቅ ጎጆ ሆነባት። እንግዶቹ ፊቷን ያያሉ፣ ያደንቃሉ፣ ከዚያ ወደ ወሬያቸው ይመለሳሉ። ድምፅ የሚቀንስ የለም። ከማን ይደበቃል? አበባ ማስቀመጫ ፊት ምስጢር ማውራት የሚፈራ አለ እንዴ?

ሴትየዋ ግን ትሰማ ነበር።

በ1937 ጠፋች። እንዴት እንደጠፋች ራሷ በየጊዜው የተለያየ ታሪክ ስትናገር ኖራለች፤ አንደኛው የቤት ሠራተኛዋን ልብስ ለብሳ፣ ጌጣጌጧን ልብሱ ውስጥ ሰፍታ ወጣች የሚለው ነው። የቱም ይሁን፣ ፓሪስ ደረሰች፣ ከዚያ ለንደን። ለንደን ላይ የኤምጂኤም ስቱዲዮ አለቃ ሉዊስ ማየር ተዋናይ እየለቀመ ነበር። በሳምንት 125 ዶላር ላስቀጥርሽ አላት። እምቢ አለችው! ኪሷ ባዶ፣ እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ፣ እምቢ አለችው። ከዚያ እሱ ወደ አሜሪካ በሚመለስበት «ኖርማንዲ» መርከብ ላይ ተሳፈረች፤ ኒውዮርክ ስትወርድ በሳምንት 500 ዶላር የሚከፈልበት ውል ይዛ ነበር። ስሟንም ማየር በአንዲት በሞተች የድምፅ አልባ ፊልም ኮከብ ስም ቀየረው። ያኔ ሄድዊግ ኪስለር ቀረችና «የዓለም ቆንጆ ሴት» የሚል ታፔላ የተለጠፈባት ሄዲ ላማር መጣች። አይሁዳዊነቷም ከስሟ ጋር ተቀበረ፤ ለልጆቿ እንኳ አልነገረቻቸውም።

1938 «አልጀርስ» የሚለው ፊልም ወጣ፤ አሜሪካኖች አበዱ። ከዚያ በኋላ የተሰጧት ገጸ ባሕርያት ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ግባ፣ ቁም፣ ተመልከት፣ ዝም በል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ያየኋት ልጅ ሆኜ ሠፈራችን ቪዲዮ ቤት «ሳምሶንና ደሊላ» (1949) ላይ ነው፤ ስሟን ሳላውቅ «ያቺ ክፉ ቆንጆ» ብዬ ነበር የወጣሁት።

ካሜራው ሲጠፋ ግን ሌላ ሕይወት ነበራት። ሆሊውድ ማታ ማታ ይጠጣል፣ ይጨፍራል። እሷ መጠጥ አትወድም፤ ድግስ ይሰለቻታል። ቤቷ የሥዕል ጠረጴዛ፣ መሣሪያና የቴክኒክ መጻሕፍት አሉ። ማታ ከሥራ ትገባና ትፈጥራለች። ውኃ ላይ ሲጣል ለስላሳ መጠጥ የሚሆን ክኒን ሞከረች፤ አልተሳካም፣ ራሷም በኋላ ስቃበታለች። የአውሮፕላን ሠሪውንና ቱጃሩን ሃዋርድ ሂዩዝን ትቀርበው ነበር፤ የአውሮፕላኖችህ ክንፍ አራት ማዕዘን ስለሆነ ነው የሚያዘግመው ብላ፣ የዓሣና የወፍ መጽሐፍ ገዝታ፣ ፈጣኑን ዓሣና ፈጣኑን ወፍ አዋህዳ አዲስ ክንፍ እንደሣለችለት ራሷ ትናገራለች። በማታው ትርፍ ጊዜዋ የምትሠራው ይህን ነበር፤ ለዝና አይደለም፣ ዝናማ ሞልቷታል።

መስከረም 1940። ጀርመኖች ለንደንን ይደበድባሉ። «ሲቲ ኦፍ ቤናሬስ» የምትባል መርከብ ከቦምብ የሸሹ 90 የእንግሊዝ ሕፃናትን ጭና ወደ ካናዳ ስትጓዝ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ መታት። 77ቱ ሕፃናት አለቁ። ዜናው ሄዲን ነቀነቃት። እሷ ሆሊውድ ተቀምጣ ፊቷን እየተቀባች ገንዘብ ትሠራለች፤ ባሕሩ ላይ ልጆች ይሰምጣሉ። እሷ ደግሞ የጥይት ነጋዴ ሚስት ሆና አራት ዓመት ገበታ ላይ ተቀምጣለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ራት ግብዣ ላይ ጆርጅ አንታይል ከሚባል የሙዚቃ ደራሲ ጋር ተገናኘች። አንታይል ጉድ ነው፦ አውሮፓን በጩኸት ሙዚቃው ያናወጠ፣ 16 በራሳቸው የሚጫወቱ ፒያኖዎች አንድ ላይ እንዲነፍሱ ድርሰት የጻፈ፣ ገንዘብ ሲቸግረው ደግሞ መጽሔት ላይ ስለ ሰውነት ዕጢዎች ምክር የሚጽፍ ሰው። እሱ እንደሚለው፣ ሄዲ መጀመሪያ የፈለገችው ስለ ጡቷ መጠን ምክር ነበር። ስትለያየው ስልክ ቁጥሯን በሊፒስቲክ መኪናው መስታወት ላይ ጻፈችለት። ያው ሆሊውድ ነው! ግን ሲገናኙ ወሬው ወደ ጦርነቱ ዞረ። አንታይልም ቁስል ነበረበት፤ ታናሽ ወንድሙ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ሰኔ 1940፣ ሶቪየቶች ባልቲክ ባሕር ላይ መተው በጣሉት የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ነበር።

የቸገራቸው ነገር ይኸውላችሁ። ቶርፒዶን በሬዲዮ ከሩቅ መምራት ይቻላል። ነገር ግን ጠላት የምትጠቀምበትን ሞገድ ካገኘው፣ እዚያው ላይ ጩኸት ለቆ ያፍነዋል፤ ቶርፒዶው ይስታል። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሚያዳምጥ አባት ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ልክ ዜናው ሲጀምር «ሽሽሽ…» የሚለውን።

የሄዲ ሐሳብ ይህ ነው፦ አንድ ሞገድ ላይ ለምን እንቀመጣለን? እንዝለል። ቦሌ ያሉ ካፌዎችን አስቡ። ሁለት ፍቅረኞች የልጅቷ ወንድም ይከታተላቸዋል። ሁሌ አንድ ካፌ ከተገናኙ ይያዛሉ። ግን አስቀድመው «አምስት ደቂቃ እዚህ፣ አምስት ደቂቃ እዚያ» የሚል ዝርዝር በሁለት ወረቀት ገልብጠው ቢይዙ፣ ወንድምየው አንዱ ካፌ ሲደርስ እነሱ ሦስተኛው ላይ ናቸው። ዝርዝሩ የሌለው ሰው አይደርስባቸውም። ላኪውና ተቀባዩም እንዲሁ፤ በአንድ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ቅጽበት፣ ከሞገድ ወደ ሞገድ ይዘላሉ።

ጥያቄው ሁለቱን እንዴት እኩል ማስኬድ ይቻላል የሚለው ነው። ይህን አንታይል ያውቀዋል። በራሱ የሚጫወት ፒያኖ በቀዳዳ በተበሳሳ የወረቀት ጥቅልል ነው የሚታዘዘው። አንድ ዓይነት ጥቅልል መርከቧ ላይ፣ መንትያው ቶርፒዶው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሁለቱ እኩል ይሽከርከሩ። የሞገዶቹም ቁጥር እስከ 88 ይድረስ፤ እንደ ፒያኖ ቁልፎች ብዛት! የኤሌክትሪኩን ነገር አንድ የካልቴክ ምሁር አስተካከለላቸው። ሰኔ 1941 ማመልከቻ አስገቡ፤ ነሐሴ 11 ቀን 1942 ቁጥር 2,292,387 የሆነ የአሜሪካ ፓተንት ተሰጣቸው። ርዕሱ «ምስጢራዊ የመገናኛ ሥርዓት» ነው።

አሁን ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ተመልከቱ። «ሄዲ ላማር» አይልም። «ሄዲ ኪስለር ማርኪ» ይላል። ኪስለር የአባቷ፤ ማርኪ የሁለተኛ ባሏ፣ ያውም የተፋታችው። ያንን ሥራ የሠራችው የፖስተሩ ሴት አይደለችም፤ ትራም እንዴት እንደሚሄድ የምትጠይቀው የአባቷ ልጅ ናት።

የባሕር ኃይሉስ ምን አለ? አይሆንም አለ። ዕቃው ይገዝፋል፣ ቶርፒዶ ውስጥ አይገባም ተባለ። አንታይል ሲቆጭ እንደጻፈው፣ ጥፋታችን ማብራሪያው ላይ «ፒያኖ» የሚል ቃል መጻፋችን ነው፤ ባለሥልጣኖቹ ፒያኖውን ቶርፒዶ ውስጥ ልንከተው የፈለግን መሰላቸው። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ መሣሪያ መሥራቱ ቀላል አልነበረም፤ የአሜሪካ ቶርፒዶዎች በራሳቸውም ችግር ይዋዥቁ ነበር። ግን ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ተጣለ፤ እሷን ደግሞ ሌላ ሥራ ጠበቃት። ትወናውን ትታ ዋሽንግተን ሄዳ ከፈጠራ ባለሙያዎች ጋር መሥራት አስባ ነበር። የተሰጣት ሥራ የጦርነት ቦንድ መሸጥ ሆነ። ሄደች፣ ቆመች፣ ፈገግ አለች፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሸጠች። ለወታደሮች መዝናኛ ቤትም ሳህን አጥባለች፣ ጨፍራለች። አገሪቱ ፊቷን ተበደረችና ጭንቅላቷን መለሰችላት።

የአሜሪካ ዜግነት ያገኘችው በ1953 ነው። የፓተንቱ ዘመን በ1959 አለቀ፤ አንታይልም በዚያው ዓመት ሞተ። አንዲት ሳንቲም አልደረሳቸውም። ሐሳቡ ግን አልሞተም። ወረቀት ጥቅልሉ በኤሌክትሮኒክስ ተተካ፤ ከሞገድ ሞገድ መዝለል ወታደራዊ መገናኛ ውስጥ ገባ፤ ቆይቶ ሲቪል ሆነ። ብሉቱዝ መጀመሪያ ሲወጣ በ79 መስመሮች ላይ በሴኮንድ እስከ 1600 ጊዜ ይዘል ነበር። የእኔ እኩዮች ታስታውሳላችሁ፤ ኢንተርኔት የቅንጦት በነበረበት ዘመን «ብሉቱዝህን ክፈት» ተባብለን ዘፈን የምንላላከው፣ ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ አድርገን የምንጠብቀው… ያኔ ስልኮቻችን ሲዘሉ ነበር።

የሄዲ ቀሪ ሕይወት ግን ተረት አይደለም። ስድስት ጊዜ አገባች፣ ስድስት ጊዜ ተፋታች። በፈጠራዋ ያልታወቀችውን ያህል በቅሌት ታወቀች፤ በ1966 ከሱቅ ዕቃ ሰርቀሻል ተብላ ተከሰሰች፣ ነፃ ወጣች፤ ጋዜጦቹ ግን ክሱን እንጂ ነፃ መውጣቷን አላስታወሱላትም። በስሟ የወጣ «የሕይወት ታሪክ» መጽሐፍ ሌሎች ሰዎች የጻፉት ነውና ብላ ራሷ አሳታሚዎቹን ከሰሰች። ዕድሜ ሲጫናት ደጋግማ የፊት ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ ውጤቱ አላማረም። ከዚያ ቤቷን ዘጋች። ፍሎሪዳ ውስጥ ከሰው ተደብቃ ከልጆቿ ጋር እንኳ በአብዛኛው በስልክ ነበር የምትገናኘው። እስቲ አስቡት፦ ዕድሜ ልክህን «ያለህ ፊትህ ብቻ ነው» እየተባልክ ኖረህ ፊትህ ሲሄድ ምን ይዘህ ትወጣለህ?

በ1997 አንድ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ መብቶች ተቋም ለእሷና ለሟቹ አንታይል ሽልማት ሰጠ። ሄዲ 82 ዓመቷ ነው። መድረክ አልወጣችም፤ ልጇ ተቀበለላት። ዜናውን ሲነግራት የመለሰችው፣ እንግዲህ ጊዜው ነው፣ ቆይቷል የሚል ዓይነት ነገር ነበር አሉ። ጥር 19 ቀን 2000 አረፈች። በ2014 ሁለቱም በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ገቡ። በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የልደቷ ቀን፣ ኅዳር 9፣ የፈጣሪዎች ቀን ተብሎ ይከበራል።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ይላል፤ ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ስሟን ብትፈልጉ «የዋይፋይ እናት» የሚል ከውብ ፎቶዋ ጋር ታገኛላችሁ። እውነት አይደለም። ዋይፋይን አልፈጠረችም፤ የዛሬው ዋይፋይ እንደዚያ አይዘልም። የመዝለሉ ሐሳብም ከእሷ በፊት ቴስላን ጨምሮ በሌሎች ሰዎች አእምሮ ብልጭ ብሏል፤ በ1932 በአሜሪካ ፓተንት የወጣበት አለ። ብሉቱዝን የሠሩት መሐንዲሶችም ስማቸውን የምናውቅላቸው ሰዎች አይደሉም። አንታይልንስ ማን ያነሳዋል? ፎቶው አያምርማ!

ያየሁት ነገር ይህ ነው፦ ድሮ ቆንጆ ስለሆነች አላመንናትም፤ ዛሬ ደግሞ ቆንጆ ስለሆነች ከሠራችው በላይ እንጨምርላታለን። ሁለቱም ጊዜ ወረቀቷን ያነበበ የለም። ለእሷ የሚገባት ክብር የተጋነነው አይደለም፤ ልኩ በቂ ነው። ሬዲዮ ተምራ የማታውቅ ሴት፣ ከቀን ሥራዋ ተመልሳ፣ ከአንድ ሙዚቀኛ ጋር ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ፣ የዘመኑን መርከበኞች ያስጨነቀ ችግር ላይ የሚሠራ መልስ አገኘች፤ ጻፈችው፤ መንግሥት ማኅተም መታበት። ይህ ያንሳል?

ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ስንማር አብራን የነበረች ልጅ ትዝ ትለኛለች። ሰርኪዩት ላይ ከሁላችንም ትበልጣለች። የቡድን ሥራ ሲመጣ ግን «አንቺ ፕሬዘንት አድርጊ፣ ለዓይን ትሞያለሽ» እንላት ነበር። ሥሌቱን እኛ እንሥራ ነው ነገሩ። ሙገሳ መስሎን። እሷ ፈገግ ትልና ዝም ትላለች። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ያኔ ግን ሥሌቱ ሲሳሳትብን «አንቺ ምን ትያለሽ?» ያልናት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም፤ እውነቱን ለመናገር ሥሌቱ ብዙ ጊዜ ይሳሳትብን ነበር።

ታክሲዋ ውስጥ ያለችው ልጅ በመጨረሻ ማዳመጫዋን አወለቀችና ሒሳቧን ሰጠች። ረዳቱ «ምን እየሰማሽ ነው እንዲህ የጠፋሽው?» አላት፣ እየሳቀ። በሙሉ ታክሲው ውስጥ የጠየቃት እሱ ብቻ ነበር። ያለችውን አልሰማሁም፤ ወራጅ ነበርኩ።